ከላይኛው ጠረጴዛ መውረድ

ጥቅምት 6፣ ቅዳሜ

ጠዋት አንድ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን ታቅፎ ወደ ጥገና ሱቄ መጣ። ክር እየበጠሰ አስቸገረኝ አለ። ለካ መርፌውን ገልብጦ ነው የከተተው። አዙሬ አጠበቅኩለት፣ አለቀ። ለዚህ ገንዘብ መቀበል አሳፈረኝ… ተቀበልኩ ግን።

ከሰዓት ካርድ። እንደ ሁልጊዜው እኔ ላይ፣ ታናሼ ታች። ከፑል ቤቱ ጀርባ ያለው ክፍል ውስጥ በትንሽ ገንዘብ ፖከር ይጫወታሉ። ደረጃውን ሲወጡ ደግሞ ትልቁ ጠረጴዛ አለ፤ መግቢያው የታችኛው አምስት እጥፍ ነው። እኔና ታናሼ አንድ ጠረጴዛ ላይ አንቀመጥም። ካርድ ያስተማርኩት ጊዜ የተስማማነው ነው። ከወንድሜ ኪስ ወስጄ ምን ልበላበት?

ሕጉንም ያኔ ነው የነገርኩት። ላይ ለመጫወት ሠላሳ ጊዜ መግቢያ የሚከፍል ገንዘብ ይኑርህ። ተበልተህ የሀያ መግቢያ ብቻ ሲቀርህ ውረድ። ከራስህ ጋር አትከራከር፣ ዝም ብለህ ውረድ።

ዛሬ ተበላሁ። ሀያ አንድ ቀረኝ። ገና አንድ አለኝ ማለት ነው።

ጥቅምት 10

ረቡዕ ተጫውቼ አላውቅም። ዛሬ ግን ሱቁን ዘግቼ ሄድኩ። ተበላሁ። የቀረኝን አልቆጠርኩም። ካልቆጠሩት የማያልቅ ይመስል…

ጥቅምት 13፣ ቅዳሜ

ቆጠርኩት። አስራ አምስት።

ካርዱ አይደለም የጎዳኝ፣ እልህ ነው። ሁለት ንጉሥ ይዤ፣ ላይ አብሮን የሚጫወተው ጎማ ነጋዴ በሦስት ሰባት በላኝ። ሰውየው አይስቅም፣ አይናገርም፣ በገንዘብ ፈንታ የምናስይዘውን ቺፕ እንደ ምስር ለቅሞ ይደረድራል። ከዚያ በኋላ የተጫወትኩት ሁሉ እሱን ለመበቀል ነው። እልህ አይያዝህ ተብሎ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ የሚነገረውን ለእኔ ማን ይንገረኝ?

ስወጣ ታናሼ ደረጃው ሥር ቆሞ ጠበቀኝ። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ሲሚንቶ ሆኗል። ሴራሚክ ያነጥፋል፣ በሰው ሥር። የሚያጠራቅመው መቁረጫ ማሽን ገዝቶ የራሱን ሥራ ለመያዝ ነው። ጉልበቱ ሳያልቅ።

"ጋሼ፣ ስንት ቀረህ?"

"በቂ አለኝ።"

"ከሀያ በላይ?"

"በቂ አለኝ አልኩህ እኮ!"

የሱሪውን ሲሚንቶ አራገፈ። ጮኼበት ነበር መሰለኝ።

ብወርድ እሱ ወንበሩን ሊለቅልኝ ነው። ከለቀቀ መሄጃው ላይኛው ጠረጴዛ ብቻ ነው። ለላይ ደግሞ ገና ነው፣ ይበሉታል። እንግዲህ ለእሱ ብዬ ነው የማልወርደው… ለእሱ? እዚህ ደብተር ላይም ልዋሽ?

ጥቅምት 15

መውረድ። ወራዳ። ውርደት። አንዱን ሲያነሱ ሌላው ተከትሎ ይመጣል። ይሄን ቃል ያወጣው ሰውዬ ቁማርተኛ ሳይሆን አይቀርም።

እራት ላይ ባለቤቴ፣ "ታች ብትጫወት ምን ትሆናለህ?" አለችኝ።

"ምንም አልሆንም።"

"ታዲያ?"

"አይገባሽም።"

"እሺ፣ ለአንተ ይግባህ።" ሳህኑን አነሳችው። ገና አልጨረስኩም ነበር።

ጥቅምት 20፣ ቅዳሜ

እረፍት ላይ ካርድ የምታድለው ልጅ በረንዳ ላይ መጣችና እሳት ለመነችኝ። ሁለቱም ጠረጴዛ ላይ እየተፈራረቀች ታድላለች፤ ቺፕ የምትመነዝረውም እሷ ናት።

"ወንድምህ ምን ሆኖ ነው ታች የተተከለው?"

"ገና አልሞላለትም።"

ሳቀች። "ኧረ ተው፣ ከሞላለት ቆየ። ከክረምት ጀምሮ። ለምን አትወጣም ስለው፣ ጋሼ ላይ ነው አለኝ።"

ሲጋራዬ እጄ ላይ አለቀ።

ታናሼ የላይ ገንዘብ ይዞ፣ እኔ እስክለቅለት ወራት ሙሉ ታች ተቀምጧል። አንድ ቀን አልነገረኝም። ሲጠይቀኝ እንኳ በጨዋ ደንብ ነው፣ ስንት ቀረህ ብሎ። እኔ ለእሱ ስል አልወርድም፣ እሱ ለእኔ ሲል አይወጣም። ልዩነቱ የእሱ እውነት መሆኑ ነው።

አፈርኩ። በጣም አፈርኩ።

ጥቅምት 24

አስራ አንድ ቀረኝ። ደወልኩለት።

"ቅዳሜ ወንበርህን እፈልገዋለሁ።"

"እርግጠኛ ነህ ጋሼ?"

"ውጣ። ሞልቶልሃል አይደል? ካልሆነልህ ግን ሀያ ላይ ትወርዳለህ። ያኔ እኔ እለቅልሃለሁ።"

"እሺ።"

ስልኩን ስዘጋ ቀለል አለኝ። መውረድ ማለት ይሄው ነው እንዴ? ምን አስፈርቶኝ ነበር?

ጥቅምት 27፣ ቅዳሜ

ወረድኩ።

ፑል የሚጫወቱት ሁሉ ቀና አሉ። ታች የሚጫወት አንድ ፀጉር አስተካካይ፣ "ምነው፣ ደረጃው ከበደህ?" አለ። ሳቁ። እኔም ልስቅ ሞከርኩ፣ ፊቴ እምቢ አለኝ። ታናሼ ተነስቶ ወንበሩን በእጁ ጠረገልኝ። ዓይኔን አላየም።

እሱ ደረጃውን ሲጀምር ጎማ ነጋዴው ከላይ ወደ ሽንት ቤት እየወረደ ነበር። አጠገቤ ሲደርስ ቆመና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "አይዞህ" አለ። ያ አፉን የማይከፍት ሰውዬ! ለቅሶ ቤት እንደሚባለው ነው ያለኝ። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ቀና ስል ታናሼ ደረጃው መሀል ቆሞ ያየኛል።

ትንሽ በላሁ ዛሬ፣ ታች። ገንዘብ መሆኑ ነው። ኪሴ ውስጥ መኖሩንም ረሳሁት።

ኅዳር 6

ታናሼ ሱቅ መጣ። ቅዳሜ ላይኛው ጠረጴዛ ላይ ደህና አድርጎ በልቷቸዋል። የመቁረጫ ማሽን ፎቶ ከስልኩ አሳየኝ፣ ውሃ ያለው፣ ትልቁ።

"ሌላ ሁለት ቅዳሜ ነው ጋሼ።"

"አትቸኩል።"

"አልቸኩልም።"

ደስ አለኝ። ቀናሁም። ሁለቱም አንድ ላይ ይሆናሉ ለካ።

ኅዳር 11፣ ቅዳሜ

ካርዴን ትቼ ጣሪያ ሳዳምጥ ዋልኩ። ወንበር ይንሸራተታል፣ ሰው ያስላል። የታናሼ ድምፅ የለም። ሲያሸንፍ እኮ ሳቁ እዚህ ድረስ ይሰማል።

አመሻሽ ላይ ወረደ። በአጠገቤ አለፈ፣ ደህና እደርም አላለኝ። ካርድ አዳይዋን ጠየቅኳት። "ዛሬ አራት ጊዜ ነው መግቢያ የከፈለው። እልህ ይዞታል" አለችኝ።

ቤት ገብቼ ደወልኩለት፣ አላነሳም።

ኅዳር 15

ስልክ አያነሳም። ሥራ ቦታው ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ፣ ገላ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ተንበርክኮ ወለል ያነጥፋል። ውሃ ልኩን ያስቀምጣል፣ በጎማ መዶሻ መታ ያደርጋል፣ እንደገና ይለካል። እጁ እንዴት ልከኛ ነው! በዚያ እጅ ነው ካርድ የሚያበላሸው?

"ስንት ቀረህ?"

"አስራ ሦስት። ከቅዳሜ ወዲህ በየማታው ወጥቻለሁ።" ቢያንስ አይዋሽም። በዚህ እኔን አልወጣም።

"ሀያ ላይ አልነበር እንዴ?"

"አውቃለሁ ጋሼ።"

"እና?"

"እያጣበቅኩ ነው፣ ሲሚንቶው ይደርቃል።"

በሩ ላይ ትንሽ ቆሜ ወረድኩ። የማሽኑን ነገር ማንሳት አልደፈርኩም።

ኅዳር 18፣ ቅዳሜ

ከወረድኩ ወዲህ ደረጃውን ወጥቼ አላውቅም ነበር። ዛሬ ወጣሁ። ጎማ ነጋዴው ፊት የቺፕ ክምር አለ፣ ታናሼ ፊት ሁለት ሦስት ቀርቷል። በረንዳ ላይ ጠራሁት። መጣ፣ ግን ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

"ስንት?"

"ስምንት።"

"ውረድ። ወንበሩን ለቅቄልሃለሁ። ከዛሬ ጀምሮ እኔ ካርድ አልነካም፣ ያንተ ነው።"

"ወንበር አጥቼ መሰለህ?"

"ታዲያ ምንድነው? ሕጉን አታውቅም? እኔ አይደለሁ ያስተማርኩህ?"

"አስተምረኸኛል።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስትወርድ ግን አየሁህ፣ ጋሼ። ፊትህን አየሁት። ሰውየው አይዞህ ሲልህ… እኔ ያንን አልችልም።"

"ያልፋል እኮ። ሁለት ቀን ነው" አልኩት።

"ያንተ አለፈ?"

አላለፈም። እሱም መልሴን አልጠበቀም። ገብቶ ተቀመጠ፣ አዲስ መግቢያ ከፈለ።

ያን ቀን እየሳቅኩ ወርጄ ቢሆን ኖሮስ? ፀጉር አስተካካዩን አንድ ነገር ብዬው፣ ዘና ብዬ ተቀምጬ ቢሆን? ሕጉን በቃል ነገርኩት፣ ያየው ግን ፊቴን ነው።

ኅዳር 25፣ ቅዳሜ

አልሄድኩም። ሱቅ ውስጥ አንድ አሮጌ፣ በእግር የሚሠራ የስፌት መኪና ፈትቼ ዘይት ስቀባ ዋልኩ። ማንም አላዘዘኝም። ከሰዓት እጄን ጠርጌ አዳይዋ ጋ ደወልኩ።

"ታች ማን አለ?"

"ወንበርህ ባዶ ነው። ሰው አልተቀመጠበትም።"

"እሱስ?"

"ላይ ነው" አለችኝ። ስንት እንደቀረው አልጠየቅኳትም።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ሰዓቱን አይታ ደነገጠች። ካርድ ተውኩ አልኳት። መጀመሪያ አላመነችኝም፣ ከዚያ እንባዋ መጣ። ስንት ዓመት ሙሉ የለመነችኝ ነገር ነው። የምወደውን ሠርታ አቀረበች፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ስበላ አየችኝ። የተውኩት ለታናሼ ወንበር ብዬ ነው፣ እሱ ግን አልወረደም፤ ምን ብዬ ደስ አይበልሽ ልበላት?