ከሙት ዓመትህ ያስቀረን ነፋስ

ይድረስ ለዘሪሁን፣

ከተለየኸን ዓመት ሞላ፤ ጥቂት ቀንም አለፈው። ሙት ዓመትህ ሲወጣ እኔና ልጅህ አልነበርንም። ዘመድ ሁሉ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ ክርስቲያን ተሰብስቦ ባለቤትህና ልጅህ ብቻ ቀረን። ወሬው ከሌላ ሰው ተጨማምሮ ከሚደርስህ እኔው ልንገርህ።

የቤቱን ላስቀድም። አሌክሳንድሪያ ያው እንደምታውቃት ናት። ልጅህ ሰብለ ሎረል ከተማ ሥራ አግኝታ መኪናህን የምትነዳው እሷ ናት። የመጀመሪያ ቀን ወንበሩን ወደፊት ስታስጠጋው አይቼ ወደ ቤት ገባሁ። ልብሶችህን ለሰው ሰጠሁ፤ ጫማህ ግን ለማንም አልሆነም። ባለሸራ ጀልባህንም ሸጥኳት። ሰብለ ጊዜ የላትም፣ እኔን እንደሆነ ጀልባዋ እንደ ድሮው ታጥወለውለኛለች።

ገዢው የፖቶማክን ወንዝ ተከትሎ ወደ ታች የሚኖር ሽማግሌ ነው። ዓርብ አድርሰንለት፣ ቅዳሜ በመኪና ተመልሰን፣ እሑድ ሙት ዓመትህ ላይ ልንገኝ አሰብን። ወንድምህ ጋሼ መኮንን ሲሰሙ ሌላ ሳምንት የለም ወይ አሉኝ። ጀልባ ስለማይወዱ ነው ብዬ ተውኩት። ደብረ ብርሃን ላደገ ሰው ጀልባ ምን ይሠራለታል እያሉ ስንት ዓመት እንዳደረቁህ አልረሳሁም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሣ። ሰብለ ሸራውን ጠቅልላ፣ ወንዙ ወደ ውስጥ የሚታጠፍበት ጥግ ገብታ መልህቅ ጣለች። እኔ ሰንሰለቱን አሳጥሪው አልኳት። አገር ቤት በቅሎ ስትበረግግ ገመዷ ያጥራል እንጂ አይረዝምም። እሷ ስቃብኝ ጭራሽ ለቀቀችው። አንተ ያስተማርካት እንደዚያ ነው አሉ፤ ነፋስ ሲበረታ ሰንሰለቱ ረዝሞ መሬት ላይ መተኛት አለበት። ከዚያ ዳር ላይ አንድ ዛፍና ከዛፉ ኋላ ያለ የአንድ ቤት ጭስ መውጫ አሳየችኝ። ሁለቱ በአንድ መስመር እስካሉ ድረስ ካለንበት አልተንቀሳቀስንም ማለት ነው። ቅዳሜን ዛፍና ጭስ መውጫ ሳይ ዋልኩ። አንተ ይህን ዕረፍት ትለው ነበር።

እሑድ ጠዋትም ነፋሱ አልበረደም። ዳሩ ግን ቅርብ ነው፤ የቆሙት መኪናዎች ሳይቀሩ ይታዩኛል። ትንሿን የጎማ ጀልባ አውርደን ብንቀዝፍ፣ መንገዱ ላይ የሚጠብቀን ሰው ካለ፣ ለጸሎቱ ባይሆን ለምሳው እንደርሳለን አልኳት። ሰብለ ማዕበሉን አየች፣ እኔን አየች፤ ከዚያ ላይፍ ጃኬቷን ማጥለቅ ጀመረች። በሌላ ቀን ቢሆን በእንግሊዝኛ ትከራከረኝ ነበር። የአባቷ ሙት ዓመት ሆኖባት ማሰሪያውን ማጥበቅ ያዘች። እኔም ነጠላዬን በፕላስቲክ ጠቅልዬ፣ ሰው እንዲልኩልን ጋሼ ጋ ደወልኩ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመው እንግዳ ይቀበሉ ነበር። ሁሉን ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«ይቅርባችሁ» አሉኝ። «አንድ ሰው ቀብረናል፤ ይበቃናል።»

ነጠላዬን መልሼ አስቀመጥኩ። ሰብለ ጃኬቷን አውልቃ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። መፍራቷን እስከዚያ ድረስ አላየሁም።

ላንተ ፍትሐት በሚደረግበት ሰዓት እኛ የሰነበተ ዳቦ እየበላን ዛፉን እንጠብቃለን። መጀመሪያ ያሳሰበኝ የሰው አፍ ነበር። ቀስ እያልኩ ግን በአንተ ተናደድኩ። በዚህች ጀልባ ስንት ጊዜ እንዲህ አስቀምጠኸናል! ሠርግ አስቀርተኸናል፣ ክርስትና አስቀርተኸናል። ነፋስ ቀጠሮ አያውቅም እያልክ ካርታህን ትበውዛለህ፤ ማን ይጠብቀኛል፣ ማን ይቀየመኛል የለም። የሞትክ ዕለት ጠዋት ግን ደረቴን ወጋኝ አልክ። ሐኪም ቤት እንሂድ ስልህ፣ ሺፍቴን ማን ይሸፍንልኛል ብለህ ጫማህን አሠርክ። ለነፋስ ሲሆን ሳምንት የምትጠብቅ ሰው፣ ራስህን አንዲት ቀን ነፈግከው። ዓመቱን ሙሉ አልቅሼልሃለሁ፤ መናደድ የቻልኩት ግን ያን ዕለት ነው።

አመሻሹ ላይ ነፋሱ በረደ። በማግሥቱ ጀልባዋን ለሽማግሌው አስረክበን ተመለስን። ዘመድ ትንሽ ሳያማን አልቀረም፤ ጋሼ ፊት ግን የደፈረ የለም። ልጅህ ደህና ናት። ትናንት ከሥራ ስትመለስ ትንሽ አተኮሳትና ነገ ሥራ እገባለሁ ስትለኝ የመኪናውን ቁልፍ ደበቅኩባት። ተኝታለች።

ለከርሞ ፍትሐትህ ላይ ከሁሉ ቀድሜ እገኛለሁ። ስምህን ሳላነሣ የምውልበት ቀን አይኖርም፤ ቃሌ ነው። አንዳንድ ቀን ግን የማነሣህ አኩርፌህ ነው። ቻለው።

ባለቤትህ አልማዝ