እግሩን አላነሳም ነበር

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ደረጃውን ያለ ምርኩዝ ይወጣል ወይስ አሁንም ምርኩዙ ጠፋ እያሉ ሆን ብለው ይደብቁታል? ዓይንዎ ስለደከመ ይህን ደብዳቤ የምታነብልዎ ታናሽ እህቴ እንደሆነች አውቃለሁና፣ አንቺም እንደምን ከረምሽ፤ ቀስ ብለሽ አንብቢ፣ ረዘመ ብለሽ አትዝለይ። እማዬስ ደህና ናት? ደም ግፊቷ ረገበላት? አክስቴስ ከጥርሷ ሕመም ዳነች? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም። ጥፍሬ እንደ ወትሮው ጥቁር ነው፤ እማዬ ብታየው ዛሬም ሳሙና ይዛ ትከተለኝ ነበር።

አባባ፣ ይህን የምጽፍልዎ ስለዚያ ስለ ቦቴው ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው። አሥራ አምስት ዓመቴ ሳለ የሚነዱት የነዳጅ ቦቴ ኩርባ ላይ ተገለበጠ። መሥሪያ ቤትዎ ሾፌሩ አንቀላፍቶ ነው ብሎ ጻፈና ከሥራ ወጡ። እርስዎ ደግሞ ነዳጁ ነው የገፋኝ ይሉ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ሁላችንም በተሰበሰብንበት ያንኑ ሊነግሩን ሲጀምሩ፣ እኔ አባባ ተኝተው ነበር፣ ሁሉም ሰው ያውቃል አልኩ። ማንኪያዎን አስቀምጠው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ያን ነገር ከአፍዎ ሰምተን አናውቅም። አሁን ለምን እንዳነሳሁት እንዲገባዎ፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥራዬ ልጀምር።

የምሠራበት ጋራዥ ለሦስት መኪና ተሠርቶ አራት የሚታጨቅበት ነው። አራተኛዋ የአለቃችን የዓይን ብሌን፣ ለውድድር ብቻ የምትወጣ መኪና ናት። መሬት ለመሬት ስለሆነች ስገባባትም ስወጣም ወገቤን ይይዘኛል፤ ያኔ እርስዎን አስታውሳለሁ። የሚነዳት ሰው ቃል ከአፉ በስንት መከራ ስለሚወጣ ጭምቱ እንለዋለን። ሞተሯም ፍሬኗም ነዳጇም በእኔ እጅ ነው። ደህና ናት ብዬ ካልፈረምኩ ከበር አትወጣም።

ባለፈው ወር ጭምቱ ሦስት ጊዜ መጥቶ አንድ ነገር ነገረኝ። ውድድሩ ሊያልቅ ጥቂት ዙር ሲቀረው፣ ወደ ቀኝ የሚዞረው ረጅሙ ኩርባ ላይ ትተወኛለች አለኝ። ነዳጅ እየሰጠኋት ድምፅዋ ይጠፋል፣ ከዚያ ሳላስበው ጉልበቷ ይመለስና ከኋላ ትንሸራተታለች አለ። እኔም ካንዴላውን ፈታሁ፣ ፊልትሮውን ቀየርኩ፣ የፓምፑን ግፊት ለካሁ፤ እንከን አጣሁባት። ታንኩን እስከ አፍ ገደፉ ሞልቼ ራሴ ነድቼ ሞከርኳት፤ ምንም አላለችም። ለምን ሞላሽው ካሉኝ፣ እርስዎ ቤት ያደገ ሰው በጎደለ ታንክ አይወጣም። ቦቴው ከወደቀ በኋላ፣ ለውሃ ባልዲ ሳይቀር፣ ሙሉ ወይ ባዶ፣ ግማሽ ጠላት ነው ይሉን አልነበረ? እኛ የንዴት አነጋገር አድርገን ወሰድነው። እኔ ትእዛዙን ይዤ አደግኩ እንጂ ምክንያቱን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

በሦስተኛው ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። አለቃችን መኪናዋ ምን ሆና ነው ብሎ ሲጠይቀኝ፣ እሷ ምንም አልሆነችም፣ እግሩ ነው፤ ኩርባው ሲመጣ ይፈራና ያነሳል አልኩት። ጭምቱ እዚያው ቆሞ ይሰማ ነበር። ያልኩትን ብያለሁ ብቻ አለ። አለቃችንም ለቅዳሜው ውድድር ሌላ ሾፌር አመጣለሁ አለ። ጭምቱ ከዚህ ሌላ ሥራ የለውም፤ አንድ ጊዜ ፈሪ የተባለን ሾፌር ደግሞ ማንም መሪ አያስይዘውም። ይህን እያወቅኩ ነው የተናገርኩት። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል ሲባል ለሌላ ሰው የተነገረ ይመስለኝ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ለአዲሱ ሾፌር ላዘጋጃት ወደ መወዳደሪያው ሜዳ ወሰድኳት። ነዳጅ ቀጂው ታሞ ቀርቷል፣ ማደያውም ተቆልፏል፤ ታንኩ ውስጥ ያለው ሲሶ አይሆንም። በዚህ አልወጣም ብዬ ልመለስ ስል ጭምቱ ሄልሜቱን ሊወስድ መጣ። የነዳጁን ግፊት እኔ እያየሁ የሚነዳልኝ ሰው ያስፈልገኝ ነበርና፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ ሁለት ሦስት ዙር ንዳልኝ አልኩት። ሄልሜቱን አጥልቆ ገባ። እኔም ጎኑ ተቀመጥኩ።

የመጀመሪያውን ዙር ለማሟሟቅ ቀስ ብሎ ነዳት፤ ሁለተኛው ዙር ላይ ረጅሙ ኩርባ መጣ። የግፊት መለኪያውን ጌጅ ማየት ሲገባኝ እግሩን አየሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ሲያነሳ እጅ ከፍንጅ ልይዘው ነበር የፈለግኩት። እግሩ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረግጦታል። አንገቴ ወደ ግራ ተጣመመ፣ ቀጥሎ ሞተሩ ጸጥ አለ። እግሩ አልተነቃነቀም። ቀና ብዬ ጌጁን ሳየው መርፌው ታች ወድቋል። ከኩርባው ልንወጣ ስንል ሞተሩ በድንገት ነቃ፣ መኪናዋ ከኋላ ሸሸች፣ ጭምቱ በመሪው መለሳት። ሌላ ሦስት ዙር ጨመርን። በእያንዳንዱ ዙር እግሩን አየሁ፤ በእያንዳንዱ ዙር ሞተሩ ጠፋ፣ እግሩ ግን ከቦታው አልተነሳም።

ለቀባሪው አረዱት እንዳይሆንብኝ እንጂ ነገሩ እንዲህ ነው። ታንኩ ሲጎድል፣ ኩርባው ላይ ነዳጁ በሙሉ ወደ ግራ ይሸሻል። ፓምፑ የሚስበው ደግሞ ከቀኙ ጥግ ነው፤ ነዳጅ ሲያጣ አየር ይስባል። ሙሉ ሲሆን ግን ነዳጁ መሸሻ ቦታ የለውም። እኔ ሞልቼ እየፈተሽኩ በሽታዋን ራሴ ስደብቅላት ኖሬያለሁ። መኪናዋ ከቆመች በኋላ ሳልወርድ ቦቴውን አሰብኩ። አንድ ባልዲ ነዳጅ ከጎን ወደ ጎን ሲሸሽ ይህን ካደረገ፣ ያ ሁሉ የቦቴ ጭነትስ? ግማሹን አንደኛው ማደያ አራግፈው ግማሹን ይዘው እንዲቀጥሉ መሥሪያ ቤቱ አዝዞዎት እንደነበር ነግረውናል። ነግረውን ነበር፣ አባባ። ጆሮ ዳባ ልበስ ያልነው እኛ ነን።

ከሰዓት በኋላ አለቃችን ፊት ቆሜ፣ እግሩ አይደለም ታንኩ ነው፣ የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ አልኩ። ብዙ ጮኸብኝ፤ ይገባኛል። ሲበርድለት፣ እስከ ቅዳሜ ካስተካከልሽው እሱ ይነዳል፣ ዳግመኛ ከተወችው ግን ሁለታችሁም ዕቃችሁን ትሰበስባላችሁ አለኝ። ታንኩን አውርጄ፣ አጥቤ፣ አናፍሼ ውስጡን በቆርቆሮ ግድግዳ ከፋፈልኩት። ግድግዳዎቹ ላይ ነዳጁን ወደ ፓምፑ የሚያሳልፉ፣ ወደ ኋላ ግን የማይመልሱ ትንንሽ በሮች አበጀሁ። ከጎኑ ደግሞ ሁለት ሊትር የምትይዝ ሌላ ታንክ ጨመርኩ። ትልቁ ይህችን እየሞላ ያቆያታል፣ ሞተሩ ከእሷ ይጠጣል፤ ኩርባው ላይ ትልቁ ቢያጣ ትንሿ ታዘልቀዋለች። ጭምቱ ሳልጠራው መጥቶ የእጅ ባትሪ ያዘልኝ። ሐሙስ ማታና ዓርብ ቀኑን ሙሉ ስንሠራ አንድም የወቀሳ ቃል አልወጣውም፤ ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ቅዳሜ ከአጥሩ ተጠግቼ ረጅሙን ኩርባ ፊት ለፊት ቆምኩ። ማየት ስለፈራሁ ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩ። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች አላስጨነቁኝም፤ ታንኩ ሙሉ ነው። የመጨረሻዎቹ አምስት ዙሮች ላይ ግን እስትንፋሴን ይዤ ነበር። ድምፅዋ አንዴም አልተቆረጠም። አራተኛ ወጣ። ለአራተኛ ዋንጫ የለም፣ አለቃችን ግን ስለ አዲስ ሾፌር ያነሳው ወሬ አልነበረም። ጭምቱን ለብቻው አግኝቼ ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት። እሱም ይቅርታሽን አልነበረም የፈለግኩት፣ አንድ ቀን ጎኔ እንድትቀመጪ ነበር አለኝ። ከተዋወቅን ወዲህ ከአፉ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ይህ ነው።

አባባ፣ ያን ቀን ጎንዎ ማንም አልነበረም። ያላየነውን ነገር ምስክር ሆነን ፈረድንብዎ። አልተኙም ነበር፤ አምናለሁ። የሚያሳፍረኝ፣ ለማመን የሰው እግር አጎንብሼ ማየት ማስፈለጉ ነው። ልጅዎ ስለሆንኩ ብቻ ማመን ነበረብኝ። ሰኔ ላይ ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁ። ያን መንገድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይንገሩኝ፤ አላቋርጥዎትም።

እማዬን ጉንጯን ሳሙልኝ፤ መድኃኒቷን ጎረቤት ዳነበት ብላ እንዳትተው ንገሯት። አክስቴን ጥርሷን አስነቅላ ትገላገል በሏት፤ ሥጋቱ ከሕመሙ ይብሳል። የእህቴን ልጆች አንድ በአንድ አቅፋችሁ ሳሙልኝ፣ ትልቁ ልጅ፣ ጫማዬ ጠበበኝ ብሎ የላከው መልእክት ደርሶኛል።

አንቺ አንባቢዋ እህቴ፣ ይህን ለአባባ ለብቻቸው አንብበሽላቸው ከሆነ አልተነበበም። ነገ ምሳ ላይ፣ እማዬም አክስቴም ልጆቹም በተቀመጡበት፣ ከላይ ጀምረሽ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ድገሚው። እኔ ያን ቃል የተናገርኩት በሁሉም ፊት ነው።

ልጅዎ

ከጋራዡ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
እሑድ፣ ሚያዝያ 12 ቀን