ለማጠቢያ የተቀመጠውን ጠርሙስና «አምናለች» የተባልኩበትን ቃለ ጉባኤ በተመለከተ

ለቁሳቁስ ምርምር ተቋሙ ዋና ኃላፊ ጽሕፈት ቤት
ቀን፦ 14/09

ጉዳዩ፦ በዲሲፕሊን ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ላይ ጥፋቷን «አምናለች» ተብሎ የተጻፈብኝ እንዲሰረዝና ወደ ሥራዬ እንድመለስ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ዕድሜዬ አሥራ ሰባት ነው። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ላለፉት አሥራ አራት ወራት በሁለተኛው ፎቅ ላቦራቶሪ መስታወት በማጠብ ሳገለግል ቆይቻለሁ። ባለፈው ሳምንት «በእርጥብ እጇ ናሙና ነክታ በማበላሸቷና ጥፋቷንም በማመኗ» የሚል የስንብት ደብዳቤ ተሰጠኝ። አልነካሁም፤ አላመንኩምም። ዝርዝሩን ለክቡርነትዎ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. ክፍላችን የሚሠራው ፔሮቭስካይት የሚባል፣ ከፀሐይ ብርሃን ኤሌክትሪክ የሚያወጣ ስስ ጥቁር ሽፋን ነው። የሚቀባው እኔ ባጠብኩት፣ ከክብሪት ቀፎ በማይበልጥ መስታወት ላይ ነው። ሽፋኑ ሥራውን ያውቃል፤ ውሃ ግን ጠላቱ ነው። እርጥበት ሲያገኘው ወደ ቢጫ ይለወጣል፣ ከዚያ በኋላ ለምንም አይሆንም። ለዚህ የተገኘው መላ ከላዩ ጨው የሚባል ሌላ ውህድ መደረብ ነው፤ የወጥ ጨው አይደለም። የዚህ ጨው ሞለኪውሎች ትልልቅና ውሃ የማያስጠጉ ስለሆኑ እንደ ጣሪያ ከላይ ይደረደራሉ። ጨዉ የሚበጠበጠው ውሃ በሌለበት ንጹሕ አልኮል ብቻ ነው። ይህን ያወቅሁት ተመራማሪዎቹ አስተምረውኝ አይደለም። ፊቴ ሲያወሩ እንደ ወንበር ስለሚቆጥሩኝ ነው።

2. ከማጠቢያ ገንዳው አጠገብ ያለው የአልኮል ጠርሙስ የእኔ ነው። አልኮሉ እንዲበረክት ሲሶውን ውሃ የምጨምርበት ራሴ ነኝ፤ እንዲህ አድርጊ ብለው ያዘዙኝም የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ናቸው። በላዩ ላይ «ለማጠቢያ» ተብሎ በቀይ ተጽፏል። ይህን ለማንበብ ስምንተኛ ክፍል ይበቃል።

3. ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ናሙናዎቹን የሚሠሩት ተመራማሪ ንጹሕ አልኮል አለቀባቸው። አዲስ ለማውጣት ቅጽ ሞልቶ አንድ ፎቅ መውረድ ያስፈልጋል። እርሳቸው ግን ደረጃ ለሌላ ሰው እግር የተሠራ ይመስላቸዋል። እጃቸውን ዘርግተው የእኔን ጠርሙስ አነሡ፤ ጨዉን በእሱ በጠበጡ፤ በአሥራ ሁለት መስታወቶች ላይ አንጠባጠቡ። ውሃ የሚከላከለውን ነገር በውሃ በጥብጦ መደረብ፣ ሌባውን ቤት ውስጥ አስገብቶ በሩን እንደ መቆለፍ ነው።

እኔ ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር። «ዶክተር፣ ውሃ አለበት» ማለት ነበረብኝ። በአሥራ አራት ወር ውስጥ አንድ ቀን እንኳ እንዴት አደርሽ ብለውኝ ስለማያውቁ፣ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። ጥፋት ካለብኝ ይህ ነው። የስንብት ደብዳቤው ግን ስለዚህ ነገር አንድ መስመር የለውም።

4. ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ አሥራ ሁለቱም ቢጫ ሆኑ። ተመራማሪው ጥፋተኛ ፍለጋ ዙሪያቸውን ቃኙ፤ ክፍሉ ውስጥ አፍ የሌለኝ እኔ ነበርኩ። ባለፈው ወር ያው ጨው በንጹሕ አልኮል የተደረበባቸው ስምንት መስታወቶች ግን እዚያው መደርደሪያ ላይ እስክሰናበት ድረስ ጥቁር ነበሩ። መደርደሪያውን በየጠዋቱ በእርጥብ ጨርቅ የምወለውለው እኔ ነኝ። የሚያበላሸው የእኔ እጅ ቢሆን ከእነሱ በጀመረ ነበር። አሁን ደግሞ ተመራማሪው የሚደረበው ጨው አይጠቅምም የሚል ሪፖርት እያዘጋጁ መሆናቸውን ሰምቻለሁ። ጨዉም እንደ እኔ ጠበቃ የለውም።

5. ኮሚቴው አምስት የተማሩ ሰዎች ያሉበት ነው። ሰብሳቢው «አንቺ ልጅ፣ ነክተሻል አልነካሽም?» ብለው ጠየቁኝ። አፌን ሳልከፍት ስልካቸው ጠራ፤ ረጅም ወሬ አወሩ። ሲጨርሱ አንደኛው አባል «ዝም ካለች አምናለች ማለት ነው፣ ምሳ ሰዓት አልፎብናል» አሉ። ሌሎቹ ሳቁ፤ ጸሐፊውም ጻፈ። ማመኔ ቃለ ጉባኤው ላይ ሲሰፍር የምሳው ነገር ተዘሏል። ከአምስቱ አንድም ሰው ላቦራቶሪው ድረስ ሄዶ ጠርሙሱን አላየም። ያን ያህል ትምህርት ተሸክሞ ሃያ እርምጃ መሄድ ከባድ እንደሚሆን እረዳለሁ።

አብሬያት የምኖረው አክስቴ ነገሩን ስትሰማ «ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ያንቺው ነቀዘ» አለችኝ። ቀጥላ ወረቀትና እስክሪብቶ ፊቴ አስቀመጠች። በሥራዬ የምንተዳደረው ሁለታችን ነን፤ «አምናለች» የሚል ወረቀት ይዤም ሌላ ቦታ የሚቀጥረኝ የለም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ከገንዳው አጠገብ ካለው ጠርሙስ አንድ ጠብታ በጥቁር ሽፋን ላይ ፊትዎ እንዲፈተን እንዲያዙልኝ፣ ቃሉ ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝና ወደ ሥራዬ እንድመለስ በትሕትና አመለክታለሁ። ፈተናው የሚወስደው ጊዜ ኮሚቴው ለስልክ ከሰጠው አይበልጥም።

ለማስረዳት ብጠራ እመጣለሁ። ድምፄ ላይወጣ ይችላል። ያኔ ጸሐፊው ምንም ሳይጨምር «ዝም አለች» ብሎ ይጻፍልኝ። ተቋሙ ስለ እኔ ከጻፈው ሁሉ እውነት የሚሆነው እሱ ብቻ ነው።

ለጽሕፈት ቤቱ ከሚገባው ሰላምታ ጋር
(ፊርማ)
የሁለተኛው ፎቅ መስታወት አጣቢ