ያላየነውን ዜሮ አንልም

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለጋማዶ፣

እንደምን ከርመሃል፣ ወንድም ጋሼ? ጤናህስ እንዴት ነው? ዝናብ ሲገባ የሚነሳብህ ያ ሳል ለቀቀህ ወይ? መርከብ ላይ ጎደሬ የሚቀቅልልህ ሰው አለ? ይህን ሁሉ የምጠይቅህ ደብዳቤው እንደሚደርስህ እርግጠኛ ሆኜ አይደለም። የምልከው ለመጨረሻ ጊዜ ደብዳቤ ወደ ጻፍክበት ወደብ ነው።

እኔ አሁንም የነፍሳት ጥናቱ ላይ ነኝ። ባንተ ድርሻ ጫካ ውስጥ ኩባያዎች እስከ አፋቸው መሬት ውስጥ ቀብረን፣ የሳሙና ውሃ ጨምረን፣ የገባውን ጉንዳንና ጥንዚዛ እየለቀምን እንቆጥራለን። አምና አክስታችን ሲያርፉ እንደ ደንባችን የጫካቸው መንገድ በቀይ ቅጠል ታሰረና ማንም እንዳይገባ ተባለ። እዚያ የቀበርናቸው ኩባያዎችም ሳይታዩ ቀሩ፤ እኛም ዜሮ ብለን ጻፍን። አሰልጣኛችን ኢሎ ስታየው ጮኸችብን። “ዜሮ ማለት እኮ ሄጄ አየሁ፣ ምንም የለም ማለት ነው። እናንተ መቼ አያችሁ? ያላያችሁትን ባዶውን ተዉት!” አለች። ያኔ ስቀን አለፍን።

አሁን ግን አያስቀኝም። ድምፅህ ከጠፋ ስንት ዝናብ መጥቶ ሄደ። አጎታችን ሳጉም “ልጁን ባሕር በልቶታል፣ ልቅሶ እንቀመጥ” ብለው ለልቅሶው የሚታረድ አሳማ አስረዋል። አይሆንም ብዬ ብነሳ፣ “አንቺ ጉንዳን ቆጣሪ! የጉንዳን እግር ስትቆጥሪ እየዋልሽ አንድ ወንድምሽን መቁጠር አቃተሽ?” አሉኝና ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም እልህ ይዞኝ፣ “ሬሳውን ማን አየ? ያላየነውን ሞተ አንልም” አልኳቸው።

የረታችኝ እማ ናት። ከከተማ ሰው የሚያመጣው የጭነት መኪና በመጣ ቁጥር መንገድ ትወጣና የሚወርደውን ሰው ፊት ፊቱን እያየች ትመለስ ነበር። ባለፈው እሑድ ግን ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። መኪናው መጣ እኮ ብላት፣ “መጠበቅ ደከመኝ፣ ልጄ። ፊቴን የልቅሶ ጭቃ ልቀባና ላልቅስለት፣ ተዪኝ” አለች። ለካ እኔ ባዶውን ቦታ ስጠብቅላት እንባዋን ከልክያት ኖሯል። እሺ አልኳት።

ጎደሬው ሲደርስ ልቅሶህ ይሆናል። በጫካህ መንገድ ላይ ቀዩን ቅጠል የምታስረው እኅት ስለሆነች የማስረው እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት ኩባያዎቹን ነቅዬ ጉድጓዶቹን እደፍናለሁ። በሥራ ወረቀቱ ላይ ያንተን ጫካ ባዶ እተወዋለሁ እንጂ ዜሮ አልጽፍም። ከመጣህ ቅጠሉን ራስህ በጥሰህ ግባ፤ ማንም አይቆጣህም።

የአክስታችን ልጆች ሰላም ብለውሃል። ኢሎም ባታውቅህም ሰላም ብላለች። አጎታችን ሳጉም፣ “ካለ ይምጣና ይሳቅብኝ፤ አሳማውን አብረን እንበላዋለን” ብለዋል። እማን ምን ልበልልሽ ብላት ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። ከዚያ፣ “ያ ሳል ተወህ ወይ በይው” አለች።

እኅትህ ዎራም
አሚል መንደር፣ ማዳንግ
ነሐሴ 3 ቀን