ስምንተኛዋ ፒክአፕ፦ የአቶ ዲንሳ ጅሬኛ የሕይወት ታሪክ

አቶ ዲንሳ ጅሬኛ ከአባታቸው ከአቶ ጅሬኛ ሐጌ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዳራርቱ ኦዳ በሰላሌ፣ ፍቼ ከተማ፣ በኅዳር ወር 1962 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው የአውራ ጎዳና የኤንትሬ ጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። አቶ ዲንሳ ገና በእግራቸው ሳይጠኑ አባታቸው ጭን ላይ ተቀምጠው መሪ ጨብጠዋል። ይህን የምጽፈው ሰምቼ ሳይሆን አይቼ ነው፤ እሳቸው መሪውን ሲይዙ ክላክሱን የምጫነው እኔ፣ ታላቅ እህታቸው ገላኔ ነበርኩ።

ወደፊት ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ልናገር። የእድሩ ኮሚቴ ይህን ጽሑፍ አስቀድሞ አይቶ፣ «የመኪና እሽቅድምድሙ ይውጣ፣ ለቤተ ክርስቲያን አይመጥንም» ብሎ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞ መልሶልኛል። እኔም መልሼ አስገብቼዋለሁ። የሚያነብልን ወንድማችን አንድም መስመር እንዳይዘል በመድኃኔ ዓለም እለምነዋለሁ። ከዘለለ ተነስቼ ራሴ አነበዋለሁ።

አቶ ዲንሳ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በፍቼ ተከታትለው፣ አዲስ አበባ ውስጥ በአውቶ መካኒክነት ከሠለጠኑ በኋላ ጨርቆስ በሚገኝ ጋራዥ አሥር ዓመት ሠርተዋል። በዲቪ ዕድል እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ሚኒሶታ ገቡ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ቀንም ወርም ዓመትም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ብሩክሊን ፓርክ በሚገኝ ዌርሀውስ የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት እየነዱ ሃያ ሁለት ዓመት አገለገሉ። በ2003 ከወይዘሮ ኢብሲቱ ጋር ጋብቻቸውን በሥርዓተ ተክሊል ፈጽመው፣ ሜፕልዉድ ጎጆ ቀልሰው፣ ፋዮንና ዮሲን ወልደው አሳድገዋል። ከሽፍት ሲወጡ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ጀርባ ባለች ጠባብ ጋራዥ የወገናቸውን መኪና ይሠሩ ነበር። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ዲንሳ ብሬኩን ያልሠራለት ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

አሁን ወደ ተሰረዘው ክፍል እንግባ። ከሴንት ፖል አርባ ደቂቃ ያህል ርቆ፣ በበቆሎ እርሻ መሐል፣ ዙሩ ሩብ ማይል የሆነ የአስፋልት መሮጫ አለ። በ2007 ሰመር ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ የአሮጌ ትንንሽ ፒክአፖች ውድድር እዚያ ተጀመረ። የመኪኖቹ በር በብየዳ ይዘጋል፣ ሾፌሩ የሚገባውም የሚወጣውም በመስኮት ነው፣ ሃያ አምስት ዙር ይሮጣሉ። በመጀመሪያው ዓመት ሃያ አንድ ፒክአፖች ተሰልፈው ነበር። አቶ ዲንሳ በሚቀጥለው ዓመት የሥራ ባልደረባቸው የዱዌይን ፒክአፕ ማርሽ አስቸግሮ ሊጠግኑ ሄዱ፤ ሄደው እዚያው ቀሩ። ከዚያ ራሳቸው ገጣጥመው በሠሯት ሰማያዊ ፒክአፕ አሥራ አንድ ሰመር ተወዳደሩ። ስድስት ጊዜ አንደኛ ወጥተዋል። በ2014 በዓመቱ ድምር ሁለተኛ ሆነው ዋንጫ ተሸልመዋል፤ ዋንጫውን ጋራዥ ውስጥ ብሎን ያጠራቅሙበት ነበር። በዚያ ሁሉ ዓመት የተሰበረባቸው አንድ ጣት ብቻ ነው፤ እሱም የተሰበረው ለዚሁ ለእናንተ የሰርግ ድንኳን ሲተክሉ ነው።

እኛስ ምን አልን? «ዲንሳ ቁማር ጀመረ» አልን። «የልጆች አባት ሆኖ ከፈረንጅ ጎረምሳ ጋር ጎማ ያቃጥላል» አልን። ከመካከላችን አንድም ሰው፣ እኔን ጨምሮ፣ ሄዶ አላያቸውም። ሐሜቱ ላይ ግን የቀረ የለም።

ውድድሩ ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሄደ። መኪኖቹ አረጁ፣ መለዋወጫ ጠፋ፣ በ2018 የቀሩት ስምንት ፒክአፖች ብቻ ነበሩ። የሜዳው ባለቤት ቁርጡን ተናግሮ ነበር፦ ከስምንት ካነሳችሁ በዚያ ቀን አትሮጡም፤ ሁለት ቅዳሜ በተከታታይ ካነሳችሁ ውድድሩ ለዘለዓለም ይቀራል። ይህን አቶ ዲንሳ ያውቁ ነበር። እኛ አናውቅም፤ ማን ጠይቋቸው!

በዚያው ዓመት በመጋቢት እናታችን አረፉ። በሐምሌ የአቶ ዲንሳ ፒክአፕ ተገለበጠች። እሳቸው በመስኮቱ ወጥተው፣ ልብሳቸውን አራግፈው፣ ለሕዝቡ እጃቸውን አውለበለቡ። አንዱ ደግ አሳቢ ነኝ ባይ ግን የመገልበጡን ቪዲዮ ብቻ ቆርጦ ስልኬ ላይ ላከልኝ። እኔ ከነጥቁር ልብሴ ነበርኩ። እናቴን ቀብሬ ወንድሜን ልድገም? ደሜ ፈላና ሽማግሌ ላክሁባቸው። አዎ፣ የላክሁት እኔ ነኝ።

ሦስት አባቶች ሄዱ። ስማቸውን አልጽፍም፤ እነሱም ያውቁታል፣ እናንተም ታውቁታላችሁ። ከምሳ እስከ ፀሐይ ግባት ድረስ ተቀመጡባቸው። አቶ ዲንሳ «አምስት ቅዳሜ ነው የቀረው፤ እሱን ልጨርስና በራሴ አቆማለሁ፣ ሰው ይጠብቀኛል» ብለው ለመኑ። «ሽማግሌ ረግጠህ ልታልፍ ነው?» አሏቸው። በመጨረሻ «ሁለተኛ ከዚያች መኪና ውስጥ ብገባ የእናቴ አጥንት ይፋረደኝ» ብለው ማሉ። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ እልል አልኩ። ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው!

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰባት ፒክአፖች ተሰለፉ፤ አልሮጡም። በሳምንቱም ሰባት ሆኑ። አሥራ ሁለት ዓመት የቆየው ውድድር ሁለት መስመር ኢሜይል ተላከለትና አበቃ። ያንንም ያወቅሁት ዱዌይን በጥቅምት ቤቴ ድረስ መጥቶ የሰልፉን ወረቀት ሲያሳየኝ ነው። ሰባት ስም ተጽፎበታል፣ ስምንተኛው መስመር ባዶ ነው። ዱዌይን አልተቆጣም። «አንድ ሰው ብቻ ነበር የጎደለን» አለኝ። አቶ ዲንሳ ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ስለዚያ ቅዳሜ አንድ ቃል ተናግረው አልወቀሱኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

መኪና ይገድላቸዋል ብለን ፈራን፤ ኩላሊታቸው ቀደመን። ከ2022 ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን ዲያሊሲስ ላይ ነበሩ። በዚያ ድካማቸው ወደ ጋራዡ እየሄዱ፣ ውጭ ቆመው፣ በመስኮቱ እጃቸውን ብቻ ሰደው የፒክአፗን ሞተር ያስነሱ ነበር። ጥቂት አዳምጠው ያጠፏታል። አንድ ቀን ልጃቸው ዮሲ በለመደው እንግሊዝኛው «አባባ፣ ማን ያይሃል? ግባ በቃ» ቢላቸው፣ «አያትህ» ብለው መለሱለት።

ዘንድሮ በ2025 ዱዌይን ራሱን ጨምሮ ሰባቱን አሮጌ ተወዳዳሪዎች አሰባስቦ፣ የሜዳውን ባለቤት ለምኖ፣ ሰኔ 14 ቀን ለመሰነባበቻ አሥር ዙር ብቻ አስፈቀደ። ለአቶ ዲንሳ የስምንተኛነት ቦታ ተያዘ። ሐኪማቸውም «ቀስ ብሎ አንድ ዙር ይችላል» አለ። እኔ ያሰርኩትን ላስፈታ ወደ አባቶች ሮጥኩ። የመጀመሪያው «ሦስት ሆነን ያስማልነውን ለብቻዬ አልፈታም» አሉኝ። ሁለተኛው አራስ ልጃቸውን ሊጠይቁ ሄደው ቴክሳስ ናቸው። ሦስተኛው አዲስ አበባ ናቸው። በስልክ አገናኛችኋለሁ ብል «መሃላ በስልክ አይፈታም» ተባልኩ። ሦስቱም ሲመለሱ ደግሞ «የሰኔ ጾም ይለፍና እንሰበሰባለን» አሉ። ማስማሉ እኮ ግማሽ ቀን ነው የፈጀባችሁ!

ሰኔ 14 ቀን ሰባቱ ሮጡ። ሲሰለፉ የስምንተኛዋን ቦታ ክፍት ትተውላቸው ነበር። አቶ ዲንሳ ከአጥሩ ውጭ ሽቦውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመው አዩ፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ አጠገባቸው ቆሜ አየሁ። ጾሙ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በፈረንጆቹ ሐምሌ 9 ቀን 2025፣ በተወለዱ በ55 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

አቶ ዲንሳ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ኢብሲቱን፣ ልጆቻቸውን ፋዮንና ዮሲን፣ እኔን እህታቸውን፣ እንዲሁም ዛሬ ከኋላ በኩል ቆመው ያሉትን ሰባት ፈረንጆች ለሐዘን ትተው ሄደዋል። እባካችሁ ወንበር ስጧቸው።

አንባቢው ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቁምልኝ።

ዲንሳዬ፣ እስካሁን «እሳቸው» ስልህ የቆየሁት ለወረቀቱ ብዬ ነው። የሞትከው እኔ ባሰርኩህ መሃላ ታስረህ ነው። ቸሩ አምላክ ድካምህን ቆጥሮ ከደጋጎቹ መንደር ያስገባህ። እኔንም ይቅር ብለህ አማልደኝ።

እናንተ ሦስቱ አባቶች፣ ዛሬ ሦስታችሁም አላችሁ፤ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣችኋል። ቴክሳስ የሄደ የለም፣ አዲስ አበባ የሄደ የለም፣ ጾሙም አልፏል። ተነሱና ሳጥኑ ላይ እጃችሁን ጭናችሁ፣ ሕዝብ እየሰማ «ፈትተንሃል» በሉት። እሱን ሳትሉ ወንድሜን የሚያነሳው የለም።