የአባትሽ ቆጠራ

ይድረስ ለምወድሽ የወንድሜ ልጅ፣

እንዴት ከርመሽልኛል? እኔ ከሆዴ መግፋት በቀር ደህና ነኝ።

አባትሽ ያው ሊፍት መርማሪ ነው። ባለፈው ወር አንዱን ሊፍት ሳያየው “ደህና ነው” ብሎ ፈረመ። “ፈርምና ምሳችንን እንብላ” ያልኩት እኔው ሆዳሙ አጎትሽ ነኝ። በማግስቱ ተመልሶ ፈተሸው፤ ምንም እንከን አልነበረውም። እሱ ግን እስካሁን ሊፍቱ ያለበት ሕንፃ በር ላይ እየቆመ የገባውንና የወጣውን ሰው ይቆጥራል።

“ዘበኛ ሆነህ ተቀጠርክ እንዴ?” ብለው፣

“ዝም በል፣ አንድ ሰው ጎድሎኛል” አለኝ።

ሐኪም የእንቅልፍ ክኒን አዘዘለት። እኔ ያለ ክኒን ለጥ ብዬ አድራለሁ፤ ከሁለታችን የታመመው የትኛው እንደሆነ እንጃ።

ነገ አጠገቡ ቆሜ አብሬው እቆጥራለሁ። ለሁለት ሆነን ስንቆጥር ቁጥሩ ይሞላለት ይሆናል።

አደራ፣ ቶሎ ቶሎ ደውዪለት። ሰላምሽ ይብዛልኝ።

ናፋቂሽ አጎትሽ