ስለ ቀዩ የኩሽና መብራቴ፣ ለንግድ ቁጥጥር ኃላፊው

ለተከበሩ አቶ የሽዋስ
የቀጠናችን የንግድ ቁጥጥር ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም በሥርዎ የሚተዳደሩት ተቆጣጣሪዎች በሙሉ ከጮቄ ተራራ በሚወርደው በዚህ ብርድ እንደምን ሰንብታችኋል እያልሁ፣ ደጄ ላይ ያስለጠፉትን ማስጠንቀቂያ ከራስጌው እስከ ማኅተሙ በታላቅ አክብሮት አንብቤ መጨረሴን አሳውቃለሁ። ስሜ ከነአባቴና ከነአያቴ ሳይሳሳት ተጽፎ ሲመጣልኝ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ስለሆነ አልቀደድሁትም። ሙጫውም ጠንካራ ነው።

ምናልባት ከስሜ በቀር የሚያውቁት ከሌለ፣ እኔ ደስታነሽ ዕድሜዬን በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ትምህርት ቤቶች ባልትና ሳስተምር የኖርሁ፣ ባለቤቴን አማረን ከቀበርሁ ወዲህ ወደ ይጁቤ በሚወስደው መንገድ ዳር ብቻዬን የምኖር ሴት ነኝ። መሥሪያ ቤትዎ የሚከሰኝ ያለ ፈቃድ መጠጥ ቤት ከፍተሻል ብሎ ሲሆን፣ ማስረጃዎቹም ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ወደ መንገድ በሚያየው መስኮቴ ቀይ መብራት መብራቱ፣ ሁለተኛው ምሽት ምሽት የማይታወቁ ወንዶች እቤቴ መግባታቸው። ሁለቱም እውነት ነው።

እውነቱ ግን ከሥሩ ቢጀመር ይሻላል። ልጄ እስከዳር ሐዋሳ ነው የምትሠራው። ባለፈው ፋሲካ መጥታ ሳሎኑን ዞር ዞር ብላ አየችና «እማዬ፣ እንግዳ ለማይመጣበት ክፍል ይህን ሁሉ ስፋት ምን ያደርግልሻል?» አለችኝ። የጓሮው ማድ ቤት ክረምት ክረምት ስለሚያፈስ፣ ሳሎኑን አስፈርሳ ኩሽና አደረገችልኝ፤ ከላይም ከታችም የሚያብለጨልጭ ኪችን ካቢኔት አስገጠመችና ፈቃዷ አልቆ ሄደች። የእንግዳ መቀበያው መስኮት በዚህ ዓይነት የሽንኩርት መክተፊያ መስኮት ሆነ።

ካቢኔቱ ያማረ ነው፤ የእግዜር እውነት ነው። ችግሩ የጣሪያው አምፖል ከጀርባዬ፣ የላይኛው ካቢኔት ከግንባሬ መሆኑ ነበር። ሽንኩርት ልከትፍ ጎንበስ ስል የራሴ ጥላ መክተፊያው ላይ ይጋደማል። ብርሃን ለምትሠራ ሴት ከፊቷ እንጂ ከኋላዋ አይምጣ ብዬ ስንት ተማሪ አስተምሬ፣ በስተርጅና ጣቴን በጥላዬ ውስጥ ስፈልግ መገኘቴ አናደደኝ። ስለዚህ ከላይኛው ካቢኔት ሥር የሚለጠፈውን፣ እንደ ጥብጣብ ተጠቅልሎ የሚሸጠውን ኤልኢዲ መብራት ልገዛ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው የአቶ ጸጋው ሱቅ ሄድሁ።

አቶ ጸጋው ቅን ሰው ነው። ለኩሽና የሚሆን፣ ዓይን የማይወጋ፣ ሞቅ ያለ ነጭ ብርሃን ስጠኝ ስለው «ማዘር፣ ለየትኛው ግሮሰሪ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። በከተማችን ይህን ዕቃ የሚገዛው መጠጥ ቤትና የሠርግ አዳራሽ ብቻ ስለሆነ፣ እሱ የሚያስመጣውም ቀለሙን እየቀያየረ የሚበራውን ዓይነት ብቻ ነው። ነጭም ይበራል፣ በሪሞት ነው የሚታዘዘው ብሎ አበራልኝ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ገዛሁት።

የሰፈራችን ኤሌክትሪሽያን ምናለ መጥቶ የካቢኔቱን ሆድ ከቅባት ጠርጎ፣ ጥብጣቡን መቁረጫ ምልክቱ ላይ ቆርጦ፣ ብርሃኑ መክተፊያው ላይ እንዲወርድ ወደ ፊት ጠርዝ አስጠግቶ ለጠፈው፤ አዳፕተሩንም ካቢኔቱ አናት ላይ ደበቀው። ሲበራ ሽንኩርቴን ከነቆዳዋ አየኋት። ምሳ አቀረብሁለትና በላ፤ በአዲሱ ኩሽና ከእኔ ሌላ የበላ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር። ሥራው ቶሎ ባያልቅ ደስ ይለኝ ነበር፤ እሱ ግን ሌላ ቤት ይጠብቀው ነበርና ሄደ።

መዘዙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መብራት ሄዶ በተመለሰ ቁጥር ይህ ጥብጣብ ነጭ መሆኑን ይረሳና በቀይ ይጀምራል። በሪሞት ነጭ አደርገው ነበር፤ የሪሞቱ ባትሪ ሲያልቅ ግን የሸሚዝ ቁልፍ የምታክለው ያቺ ባትሪ በከተማው ጠፋች። መብራት በየቀኑ ስለሚሄድልን ኩሽናዬ በየምሽቱ ቀላ። አልጫዬ ቀይ ወጥ ይመስላል፤ በርበሬና አብሽ የምለየው በማሽተት ነው።

ክቡርነትዎ የአገሩ ልጅ ስለሆኑ ቀይ መብራት ምን ማለት እንደሆነ አላስረዳዎትም። ድሮ ጠላ የጠመቀች ሴት በዘንግ ጫፍ ጣሳ ደፍታ ደጇ ላይ ትሰቅል ነበር፤ ዛሬ ጣሳው ወርዶ በቦታው ቀይ አምፖል ገብቷል። የማያውቁት ሰው ቤት ተንኳኩቶ ይገባል፤ ጣሳ የተሰቀለበት ቤት ግን አያንኳኩም፣ ገብቶ መቀመጥ ነው። እኔ ይህን የማላውቅ ሆኜ አይደለም፤ ኩሽናዬ ሳሎን እንደነበረ፣ መስኮቱም መንገድ እንደሚያይ ዘነጋሁ እንጂ።

የመጀመሪያው የገባው ይስማው የሚባል፣ ከይጁቤ ማዶ በሬ ሊሸጥ የመጣ ገበሬ ነው። ዱላውን ካቢኔቱ ላይ አስደግፎ፣ ጋቢውን አመቻችቶ ተቀመጠና «እሜቴ፣ ቢራ አለሽ ወይስ ጠላ ብቻ ነው?» አለኝ። ነገሩን ማስረዳት ነበረብኝ። እኔ ግን «እንጀራ ላቅርብልህ?» አልሁት። በላ፤ በሬው ገዢ እንዳጣ፣ እሱም በማጣቱ በልቡ ደስ እንዳለው፣ በሬው ስሙ ሲጠራ እንደሚያውቅ አጫወተኝ። ሊከፍል እጁን ኪሱ ሲከት ነገርሁት። «አፈር ልብላ! ማርያምን፣ የሰው ቤት መስሎ አልታየኝም!» ብሎ እስከ ደጅ ድረስ ይቅርታ እየለመነ፣ ቤትሽን ሰው አያሳጣው ብሎ መርቆኝ ሄደ። ከዚያ ወዲያ እንደሱ ተሳስተው የገቡ ሌሎችም አሉ፤ ከቁይ የመጣ ሹፌር፣ ቤት ኪራይ የሚፈልግ አዲስ መምህር። የጠጡት ውኃ ነው።

ይህን ካስረዳሁ በኋላ ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ተቆጣጣሪዎ አቶ ጌቱ እንደምን አመሹ ሳይል ገብቶ የካቢኔቴን በር ሁሉ ከፋፈተ። ቢራ ሲፈልግ ምስር አገኘ፤ አረቄ ሲፈልግ ቅቤ አገኘ። በመጨረሻ የብርጭቆ መደርደሪያውን አግኝቶ ብቻቸውን ለሚኖሩ ሴት ይህ ሁሉ ብርጭቆ ምን ያደርጋል ብሎ በማስረጃነት ፎቶ አነሣው። ጥያቄው ከልጄ ጥያቄ ጋር አንድ ስለሆነ አልተቀየምሁም። ብርጭቆዎቹ የጽዋ ማኅበራችን ናቸው፤ ከማኅበርተኞቹ ከፊሎቹ አረፉ፣ ከፊሎቹ ባሕር ዳር ልጆቻቸው ዘንድ ገቡ፣ ተራው እኔ ቤት ላይ ቆሞ ቀረ። በየቅዳሜው አጥባቸዋለሁ። ስለዚህ ንጹሕ ሆነው በመገኘታቸው ጥርጣሬው ቢጠና አልፈርድበትም።

፪ኛ. ማስጠንቀቂያው የተሰጠው «ከጎረቤት በደረሰ ጥቆማ» ነው ይላል። ጥቆማ ሰጪዋን በስም አልጠይቅም፤ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ተብሏልና ምስጋናዬን ግን ያድርሱልኝ። ከአማረ ሙት ዓመት ወዲህ አጥሬን ተሻግራ ባታውቅም፣ ማን ገባ ማን ወጣ እያለች ስታስብልኝ ማምሸቷን ከእርስዎ ወረቀት በመረዳቴ ልቤ ተነክቷል። ቢሮዎ ድረስ ሄዳ ከምትደክም ደጄን ብትገፋው ይቀርባት ነበር።

፫ኛ. ቅጣቱ ግልጽ አይደለም። መብራቱ ካልተነሣ ወይም ፈቃድ ካልወጣበት ቤቱ ይታሸጋል ይላል፤ ሲታሸግ እኔ ከውስጥ ልሁን ከውጭ ግን አልተጠቀሰም። ለሥራችሁ እንዲመቻችሁ እጠይቃለሁ እንጂ፣ ለእኔ ልዩነቱ ይህን ያህል አይደለም።

፬ኛ. ሳይጠሩት አቤት ሳይልኩት ወዴት እንዳልል እርስዎ ልከውት ነው፤ አቶ ጌቱ ምሽት ምሽት ከመስኮቴ ፊት ለፊት፣ ከጫማ ሰፊው ታዛ ሥር ቆሞ ይጠብቀኛል። ብርዱ ሲጠና እግሩን ይቀያይራል። ሻይ ብልክለት ጉቦ ነው ብሎ መለሰው። ጨዋ ልጅ ነው፤ ኮቱ ግን ስስ ነውና መሥሪያ ቤትዎ ወፍራም ይስፋለት።

አምስተኛ ቅሬታ ነበረኝ፤ ልጽፈው ስጀምር ቅሬታ ሆኖ አላገኘሁትም። ባትሪዋ ተገኝታለች፣ ክቡር ሆይ። እስከዳር ከሐዋሳ በሰው ልካልኝ ከመጣች ሰንብታለች። ሪሞቱ ውስጥ ብከታትና አንድ ጊዜ ብጫን ኩሽናዬ ነጭ ይሆናል፤ ክስዎም ያበቃል፣ የሚሳሳት ሰውም አይኖርም። ከስኳር ዕቃው ሥር አስቀምጫታለሁ። አልከተትኋትም።

ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይላሉ። ይህን ያለው ሰው፣ ብቻውን የሚበላ ሁሉ በስስት የሚበላ መስሎታል። እኔ በየምሽቱ ለሁለት ሰው እሠራለሁ፤ እጄ የለመደው ነው፤ ሲያድር አሞቀዋለሁ፣ ሲሰለቸኝ ለውሻ እሰጠዋለሁ። አማረ በሕይወት ሳለ በሩ ሲንኳኳ ማነው የሚለው እሱ ነበር። አሁን የሚያንኳኳ ስለሌለ ማነው የሚል አያስፈልግም። በዚህ ቀይ መብራት የተነሣ ግን፣ ቢሳሳትም፣ ሰው ዘው ብሎ ይገባል፤ ይቀመጣል፤ አንቺ ማነሽ ይለኛል። ናፍቆኝ ነበር። ይህን ለመንግሥት መሥሪያ ቤት መጻፍ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለሌላ ለማን እንደምጽፈው ስላላወቅሁ ነው።

ስለዚህ መብራቱን አላነሣም፤ ፈቃድም አላወጣም፤ የምሸጠው የለኝምና። ከዚህ በኋላ የሚወስኑትን እርምጃ በጨዋ ደንብ እየጠበቅሁ፣ ላሳዩኝ ክትትል፣ ላበረከቱልኝ ወረቀት፣ ላወጡበት ሙጫና ለማይታክተው ዓይንዎ ያለኝን ምስጋና ከእግርዎ ሥር አኖራለሁ።

አክባሪዎ፣ ማንም ያልጠጣበት መጠጥ ቤት ባለቤት፣
ደስታነሽ፣ የቀድሞ የባልትና መምህርት

ግልባጭ፦
ለአቶ ጌቱ፣ ከጫማ ሰፊው ታዛ ሥር
በአጥር ቀዳዳ ለሚያነቡ ጎረቤቶቼ በሙሉ

ማሳሰቢያ፦ ምንም ቢወስኑ አቶ ጌቱን ብቻ ከዚያ ታዛ እንዳያነሡብኝ እለምናለሁ። መብራቴ መብራቱን በየምሽቱ የሚያጣራ ሰው በዚህች ከተማ ከእሱ በቀር የለኝም። ታዲያ አንድ ምሽት የሰፈሩ ቤት ሁሉ በርቶ የእኔ መስኮት ብቻ ቢጨልም፣ «ወይዘሮዋ ጥፋታቸውን አርመዋል» ብሎ መዝግቦ ወደ ቤቱ እንዳይሄድ አደራ ይበሉልኝ። መንገዱን ተሻግሮ ያንኳኳ፤ ካልመለስሁለት ይግባ። በሩን አልቆልፈውም።